ሦስት አዋሳኝና አንድ መንገድ

ሾፌሩ የሚስቱን ቤት በስሙ ለማስመዝገብ ማዘጋጃ ቤት የሄደው፣ እሷ ካረፈች ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ወራሽ በዓመት ውስጥ ቀርቦ ካላስመዘገበ ቤቱ ወደ ከተማው ይመለሳል። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዛሬ ነገ ሲል፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ በመሳቢያው አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን እያዞረ ከረመ። የእሷን ስም አስፍቆ የራሱን ማስጻፍ፣ በእጁ ይዞት የኖረውን ነገር ራሱ እንደመጣል ሆኖበት ነበር።

የይዞታ ምዝገባ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ። አግዳሚ ወንበሩ ስንቱን ባለጉዳይ ሲሸከም ኖሮ መሐሉ ሰርጉዷል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው መዝጋቢ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ መነጽሯን ትፈልጋለች።

«ግንባርሽ ላይ ነው ልጄ» አላት ሾፌሩ።

«አዬ! እግዜር ይስጥልኝ አባባ።» ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። «የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ወረቀት አለ። የጋብቻው አለ። አሮጌው ካርታ አለ። ጎበዝ ነዎት፤ ስንቱ ነው አንዱን ይዞ ሌላውን ረስቶ የሚመላለሰው።»

«ሾፌር ነኝ። ያለ ወረቀት ኬላ አይታለፍም።»

ፈገግ አለች። «እንግዲያው የቀረን አዋሳኝ ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ማን ያዋስንዎታል?»

«ፀጉር አስተካካይ ነው።»

«ሙያውን አይደለም፤ ስሙን ነው የጠየቅኩት።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ አገላበጠው። እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ግን የለም።

«እሺ፣ በግራስ?»

«በግራ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። መንታ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል።»

«ከኋላስ?»

«ከኋላ ዶሮ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። አውራ ዶሯቸው ሰዓት አያውቅም።»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከፊት ለፊትስ አባባ?»

አሁን ፊቱ በራ። «ከፊት ለፊት መንገድ ነው! እሱን ጠይቂኝ። ከደጄ ወጥተሽ በግራ ከያዝሽ ዋናው አስፋልት ትገቢያለሽ። ከዚያ ድልድዩ ጋ ትንሽ ይነቀንቅሻል፤ ትርፍ ጭነት ካለሽ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምታልፊው። ዳገቱን ስትጨርሺ የጎማ ጠጋኙን ታገኚያለሽ፤ እሱ ከዚህ ወር ወዲህ ወገቡን አሞታል...»

ከኋላው ወረፋ የያዘ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሾፌሩ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«አባባ፣» አለች መዝጋቢዋ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «እዚህ ቤት ስንት ዘመን ኖሩ?»

«የኖረችበት ሚስቴ ናት» አለ። «እኔ እመጣ ነበር።»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። ሥርዓቱን አስረዳችው። ሐሙስ ጠዋት ቀያሹ ይመጣል። ሦስቱም አዋሳኞች በየድንበራቸው ይቆማሉ፤ ቀያሹ «ከዚህ ወዲያ የማን ነው? ሰውየውን ያውቁታል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። የእሱ ነው፣ እናውቀዋለን ብለው ይፈርማሉ። ሦስቱም ከፈረሙ ቤቱ ይመዘገባል፤ አንዱ ከጎደለ አይመዘገብም። ቀያሹ ወደዚያ ሰፈር እንደገና የሚዞረው ደግሞ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው።

«እና እባክዎን፣» አለችው ወረቀቱን እየመለሰች፣ «እስከ ሐሙስ ከጎረቤቶችዎ ጋር ይተዋወቁ።»

*

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ሾፌሩ ግን ቅርቡ ሁሉ ሩቅ፣ ሩቁ ሁሉ ቅርብ ሆኖበት የኖረ ሰው ነው። ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ሲሚንቶም ይሁን ጨው፣ የጫኑበትን ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ወገቡ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ይመጣል። ታጥቦ፣ ያቀረበችለትን ቀማምሶ፣ ወደ ጓዳው ገብቶ ይወድቃል። ሰው ቤቱ የሚገባው ሊኖር ነው፤ እሱ የሚገባው ሊተኛ ነበር። ከእንቅልፉ ሲነቃ ደግሞ ሌላ ጭነት ይጠብቀዋል። መንገድ ላይ ያለች ሻይ አፍይ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚወስድ ሳትጠይቀው ታውቃለች። ከአጥሩ ወዲያ ያለ ሰው ግን ስሙን አያውቅም።

መንገደኛ ጓደኞቹ ስለ ሰፈራቸው ጩኸት ሲያማርሩ እሱ ይኩራራ ነበር። «የእኔ ሰፈር ጸጥ ያለ ነው» ይላል። «በጠራራ ፀሐይ ብትተኛ ዝንብ እንኳ አትቀሰቅስህም።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚያጥር፣ የሚረዝም፣ የሚጠብና የሚሰፋ ነገር ይዞ እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ ልብሱ ሰበብ ነው፣ የሚመጡት ለወሬዋ ነው። በድንገት የወደቀች ዕለት እሱ ሁለት ከተማ ወዲያ መኪናው ተበላሽቶ ከሥሩ ተኝቶ ብሎን ይፈታ ነበር። ዓይኗን የከደኑት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ያጠቧትም እነሱ ናቸው። እሱ በማግስቱ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሰዉ እርስ በርሱ ተቃቅፎ ያለቅሳል፤ ለእሱ ግን ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እንደሚደረገው እጁን ይጨብጠውና ያልፋል። አንድ ሽማግሌ ከጎኑ ተቀምጠው «እርስዎስ ምኗ ነዎት?» ብለው ጠይቀውታል።

ከዚያ ወዲህ መኪናውን ለባለንብረቱ አስረክቦ ቤት ገባ። ማንም አልመጣም። ክፋት አይደለም፤ የሚያጥር ቀሚስ ይዞ ወደ ሾፌር የሚመጣ የለም። ግማሽ የተሰፋ የትራስ ልብስ አሁንም ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር አለ። አላነሳውም።

*

መጀመሪያ የሄደው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ፀጉር ቤቱ የመኖሪያ ቤቱ ፊተኛ ክፍል ስለሆነ ከመንገድ ይገባል። ሾፌሩ ደጅ ደርሶ የሰውየውን ድምፅ ከውስጥ ሰማው።

«ከአንተ ራስ ላይ ፀጉር ከምፈልግ ድንጋይ ላይ ሣር ብፈልግ ይቀለኛል! ሂሳቡን ግን ሙሉ ነው የምትከፍለው፤ ለፍለጋው!»

ሳቁ ገና ሳያባራ ሾፌሩ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ አየው፤ መቀሱ አየር ላይ ቆመ።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ» አለ በሹክሹክታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ ጉሮሮህን አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ» አሁንም በሹክሹክታ። ከዚያ ራሱ ደንግጦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ጋሼ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እርስዎ ካሉ ቀስ ብለን ነው የምናወራው።»

«ማን ብሎ?»

«እሷ ነቻ! መኪናዎ ደጅ ከቆመ እሷ በየበሩ ትዞራለች። ‹ሾፌሬ ገብቷል፣ ቀስ በሉልኝ› ትላለች። ሬዲዮዬን እዘጋለሁ። ደንበኛ ከሳቀብኝ ምላጬን አንገቱ ላይ አድርጌ ‹ሰውየው ተኝተዋል› እለዋለሁ፤ ወዲያው ይገባዋል።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መላጣ ሰውዬ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሾፌሩ የመጣበትን ነገረው። ፀጉር አስተካካዩ ሳያስጨርሰው «እመጣለሁ» አለ። «ለእሷ ያልመጣሁ ለማን ልመጣ ነው?»

ሾፌሩ አመስግኖ ወጣ። ‹ለእሷ› የሚለው ቃል ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እስከ ሁለተኛው በር ድረስ ተከተለው።

በግራ በኩል ያለችው ሴት ነርስ ናት። ገና ከሥራ መመለሷ ነው፤ አንዱን መንታ በወገቧ፣ ሌላውን በእግሯ ተሸክማለች ማለት ይቻላል፤ ቀሚሷን ይዞ ይንጠለጠላል። ቤቱ የወላጆቿ ስለነበር እዚሁ ነው ያደገችው። ሾፌሩን በሩ ላይ ስታየው ጣቷን ወደ ከንፈሯ አመጣችና መልሳ አወረደችው።

«አንቺም?» አለ ሾፌሩ።

ሳቋ አመለጣት። «እኔማ ከሁሉ እብሳለሁ ጋሼ! እኔ በዚህ ነው ያደግሁት። እኛ ልጆች ስምዎን ስለማናውቀው ‹ጋሼ ተኝቷል› ነበር የምንልዎ። ‹ዛሬ ኳስ እንጫወታለን?› ‹የለም፣ ጋሼ ተኝቷል መጥቷል።›» ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፤ ንቀት አይደለም።»

«ግድ የለም። ደህና ስም ነው፤ ሥራዬን ይናገራል።»

«ዝም ካልን ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ትሰፋልን ነበር። በእጇ ነው የምትሰፋው። እርስዎ ካሉ የስፌት መኪናዋን አትነካውም።»

ሾፌሩ ቀና አለ። «በእጅ መስፋት ትወድ ስለነበረ ነው።»

ነርሷ ልጁን ከአንዱ ወገቧ ወደ ሌላው አዛወረችው። «ትጠላው ነበር ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ጣቷን ያማት ነበር። ያን ጊዜ የሰው ልብስ ቀጠሮ ሁሉ ይተላለፍ ነበር። ‹ሰውዬዬ ይተኛ፤ ቀሚስሽ የትም አይሄድም› ትለን ነበር።»

አንዱ መንታ ማልቀስ ሲጀምር ሌላው ተቀበለው። እሷም ሐሙስ እንደምትመጣ ቃል ገባችለት። ሾፌሩ ግን አስፋልቱን ጨርሶ ወደ ኮረኮንቹ እንደወጣ መኪና እየተንገጫገጨ ወደ ኋላው በር ዞረ።

ባለ ዶሮዋ እማማ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እህል ይበትናሉ። ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ምን ልሁን ብለህ መጣህ?»

ነገራቸው።

«ምን ብዬ ልመስክር?» አሉት። «ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ ልበል?»

«ባሏ መሆኔን ያውቃሉ እማማ።»

«ነግረውኛል። እኔ ደግሞ የነገሩኝንና ያየሁትን ለይቼ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ፊትህን ያየሁት ለቅሶዋ ላይ ነው፤ ያውም በፎጣ ሸፍነኸው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ጀርባህን አይቻለሁ፤ መኪና ላይ ስትወጣ።»

«ሥራዬ ነዋ እማማ። ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርግ፤ ምንም። ሥራ ነው። አልወቀስኩህም እኮ። ግን ‹እንዴት ታውቂዋለሽ› ቢለኝ የምለው የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ የሐሰት ምስክርነት ይዤ አፈር አልገባም።»

«ታዲያ አይመጡም?»

«እመጣለሁ እንጂ! ድንበሬ ነው። የማውቀውን እናገራለሁ፤ የማላውቀውን አልጨምርም።» አንዷን ዶሮ በእግራቸው ገፋ አደረጓት። «እሷን ግን አውቃታለሁ። ያቺን ልጅ ጠይቀኝ፣ እስኪመሽ እነግርሃለሁ።»

ሾፌሩ ጠይቆ መስማት ፈልጎ ነበር። ግን ዞሮ ሄደ።

*

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ግቢውን ጠረገ። የጠረገውን መልሶ ጠረገ። ጫማውን ወለወለ፤ የለቅሶ ዕለት የለበሰውን ኮት ለበሰ፤ ሌላ ኮት የለውምና። ቀያሹ መዝጋቢዋን አስከትሎ መጣ። ቀያሹ ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ድምፁ ደግሞ ከቁመቱ ይበልጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከሜዳ ጫፍ ወደ ሜዳ ጫፍ ቁጥር ሲጣራ ስለኖረ፣ «ደህና አደራችሁ» ሲል እንኳ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ይመስላል።

በቀኝ አጥር በኩል ፀጉር አስተካካዩ እግሩን ድንበሩ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ የማን ነው?» አለ ቀያሹ።

«የእሷ ነው።»

«የሞተ ሰው ድንበር አይጠብቅም ወንድሜ። በሕይወት ያለ ሰው ንገረኝ።»

«የባሏ ነው፤ የጋሼ።»

«ታውቃቸዋለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ሾፌሩን አየና መሬቱን አየ። «አውቃቸዋለሁ» አለ። «ፀጉራቸውን ግን ሌላ ቦታ ነው የሚቆረጡት፤ ያስታውቃል።» ፈረመ።

በግራ አጥር ነርሷ ጠበቀቻቸው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቃቸው» አለች። «ያለ እሳቸው ኳስ ተጫዋች ሆኜ እቀር ነበር።» እሷም ፈረመች።

ከኋላ ግን እማማ በትራቸውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር።

«ከዚህ ወዲያ የማን ነው እማማ?»

«የእሷ።»

«አሁን ማለቴ ነው፤ አሁን የማን ነው?»

«አሁንማ እሱ ነው ያለበት ይላሉ።»

«ይላሉን ተዉትና እርስዎ ያውቁታል?»

እማማ ሾፌሩን ረዥም አዩት። በዓይናቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ይህ ነው የባሰው። «አላውቀውም» አሉ።

«እማማ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምን እማማ ትለኛለህ? ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ዋሽቼ ላስደስታችሁ?»

ቀያሹ እስክሪብቶውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። «አላውቀውም ያለ ሰው አስፈርሜ አላውቅም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ትንሽ ቀነሰ። መዝጋቢዋ በሌላ ሰው መተካት አይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ከኋላ አንድ አዋሳኝ ብቻ ስላለ አይቻልም አላት። «ልኬቱን ግን ጀምረነዋል፤ እንጨርሰው። ነገ ሌላ ሰው ቢይዘውም ይጠቅማል።»

‹ሌላ ሰው ቢይዘው› የሚለውን ሁሉም ሰሙ። ሾፌሩም ሰማ።

«እሺ» አለ። ገብቶ ሊያርፍ እንደሆነ ተናግሮ ወደ ቤት ዞረ። የመኪናውን ቁልፍ አስረክቧል፤ አሁን ደግሞ የቤቱ ተራ ነው። የት እንደሚሄድ አሰበና፣ ያወቀው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ያለ፣ እሱም መንገደኛ ሲሆን ብቻ የሚያውቀው ሰው መሆኑ ተከሰተለት። ጓዳ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋለለ። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ኋላው አጥር ነው፤ መጋረጃው ወርዷል።

ውጭ ሜትሩ ሲዘረጋ ይሰማል። ከዚያ የቀያሹ ድምፅ ግድግዳውን መታው።

«አሥራ አራት ከሃያ! ጻፊ! አሥራ አራት ከ...»

«እሽሽ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቀስ ይበሉ እንጂ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ተኝተዋል» አለች ነርሷ፣ በትንፋሿ።

«ማን ነው የተኛው?»

«ባሏ ነዋ!» አሉ እማማ። ሹክሹክታቸው ከቁጣቸው ጋር ተደባልቆ እንደ ድመት ይፋጫል። «ሌላ ማን ሊተኛበት ኖሯል? ባለቤቱ ነው የተኛው! ሰው በገዛ ቤቱ አይተኛም? ምን ያለ አንደበት ነው ያለህ አንተ ሰውዬ!»

ዝም ሆነ። አንዲት ዶሮ ቋቋ ብላ እሷም ዝም አለች።

«እማማ፣» አለ ቀያሹ፤ እሱም ሳይታወቀው በሹክሹክታ፣ «ቅድም አላውቀውም አላሉኝም?»

የእማማ በትር መሬቱን ሲቆረቁር ይሰማል።

«ቆሞ ነዋ ያሳየኸኝ» አሉ። «ቆሞ አላውቀውም። ተኝቶማ አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን ያስተኛሁት ሰው! ለእሱ ስል አውራ ዶሮዬን ቅርጫት ሥር ደፍቼ ውያለሁ። ለእሱ ስል ከገዛ እህቴ ጋር እዚችው አጥር ሥር በጥቅሻ ተጣልቻለሁ። ያቺ ልጅ እዚህ ላይ ብቅ ትልና፣» በትራቸው አጥሩን ሲነካ ተሰማ፣ «‹እማዬ፣ መጣልኝ› ትለኛለች። በቃ። መምጣቱን ከእሷ ፊት ነው የማነበው። እንዲያ የሚያደርጋት ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ይህን ጽፌ ማስፈረም እችላለሁ?» አለ ቀያሹ።

«የተናገርኩትን ነው የምትጽፈው? ያልጨመርክበትን? ወዲህ በለው እንግዲያው፤ ጣቴን ቀለም ውስጥ ንከረው።»

ሾፌሩ ጣሪያውን እያየ ተኝቶ ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል። ዕድሜውን ሙሉ ያ ጸጥታ የሰፈሩ ይመስለው ነበር፤ እንደ ጥላ፣ እንደ ነፋስ፣ ሰው ሳይሠራው የሚገኝ ነገር ይመስለው ነበር። ለጓደኞቹ የተኩራራበት ጸጥታ ለካ በእግር የሚዞር፣ በየበሩ የሚለመን፣ በአሻንጉሊት የሚገዛ፣ በጣት የሚከፈልበት ነበር። እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ተኝቶበት እንጂ ሰምቶት አያውቅም። ጸጥታን ለመስማት መንቃት ያስፈልጋል።

«በሉ አሁን ባለቤቱ ይፈርሙ» አለ ቀያሹ ከውጭ። «ይጠሩልኝ።»

የማንም ኮቴ አልተሰማም።

«ምነው? የቀረው የእሳቸው ፊርማ ነው። ሌላ ሰፈር ቀጠሮ አለን።»

«ትቀሰቅሳቸዋለህ?» አለችው ነርሷ ፀጉር አስተካካዩን።

«እኔ? እኔ አልቀሰቅስም። አንቺ ቀስቅሻቸው፤ የጤና ሰው ነሽ።»

«እሷ ብትኖር ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ?»

«ዝም አይነቅዝም» አሉ እማማ። «ትንሽ ጠብቁ። ራሱ ሲነቃ ይነሣል። መቼም አንድ ቀን ይነሣል።»

መዝጋቢዋ ሰዓቷን ሳታይ አልቀረችም፤ የፋይሉ ክዳን ሲከደን ተሰማ። ሾፌሩ ካልፈረመ ቀያሹ ይሄዳል። ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እግሩ ግን ከአልጋው አልወርድ አለ። ከተነሣ ያ ነገር ያበቃል። ሰዎቹ ድምፃቸውን ይመልሳሉ፤ ከእንግዲህም እሱ ተኝቷል ብሎ ዝም የሚያሰኛቸው አይኖርም። አሁን ግን እዚያ ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ሰዎች በእግራቸው ጣት ቆመው ሚስቱን ይታዘዛሉ። የእሷ ነገር በሕይወት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ትንሽ ይቆይ አለ በልቡ። ትንሽ ብቻ።

የቀያሹ ጫማ ጠጠሩን ረገጠ፤ ሜትሩ እየተጠቀለለ ወደ ሳጥኑ ገባ።

ሾፌሩ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሲነቃ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጠረገው። ከውጭ ወዲያው «ነቃ!» ሲሉ ሰማ፤ ሦስቱም በአንድ አፍ፣ በሙሉ ድምፃቸው። የፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ፈነዳ፤ የመንታዎቹ ለቅሶ ከወዲያ አጥር ቀጠለ፤ ቀያሹ የወንዝ ማዶ ድምፁን አወጣ። ሾፌሩ ደጃፉ ላይ ሲቆም የፀሐዩ ብርሃን ዓይኑን አጨናበሰው።

«ደህና ተኙ ጋሼ?» አለችው ነርሷ።

«ደህና ተኛሁ» አለ።

ፈረመ። ሰዎቹ ትንሽ ቆመው ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ሥራ ሥራ አላቸው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ግማሽ ላጭቶ ትቶ መምጣቱን አስታውሶ ሮጠ። ግቢው ባዶ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ የተጠረገ ግቢ እንዴት ባዶ እንደሚሆን ማየት ነው።

*

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አዲሱን ካርታ ተቀበለ። ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር። መዝጋቢዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ አሮጌው ካርታ በቀይ መስመር መሰረዝ እንዳለበት ነገረችውና ሰረዘችው። ፊቱን አላዞረም። የሚስቱን ስም በቀዩ መስመር ሥር አሻግሮ ማንበብ ይቻላል።

«እንኳን ደስ አለዎት አባባ። ከእንግዲህ ቤቱ በሕግ የእርስዎ ነው።»

«አመሰግናለሁ ልጄ።»

ቤት ሲደርስ ካርታውን የት እንደሚያስቀምጥ ማንን ይጠይቅ? መሳቢያው ውስጥ ከተተው፣ አወጣው፣ ቁምሳጥን ላይ አደረገው። የስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጠባብ ወንበር ነው፤ እዚያ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። መስኮቱ ወደ ጎን የተከፈተ ነውና ከዚያ ቁጭ ብለው ሲያዩ መንገዱ አይታይም። የሚታየው የጎረቤቶቹ በር ነው።

«አንተ! ባለቤቱ!»

ከኋላ ነው። የእማማ ድምፅ ነው፤ አንዲትም አልቀነሱለትም።

ወጣ። «አቤት እማማ።»

«ቤቱ የአንተ ከሆነ አሸንዳውም የአንተ ነው። ተሰንጥቆ ውሃው በሙሉ እኔ ዶሮ ቤት ላይ ነው የሚወርደው። ይኸው ሁለት ክረምት!»

«ለምን ለእሷ አልነገሯትም?»

«ለእሷ? እሷ ምን ልታደርግ? ጣሪያ ላይ ልትወጣ? ‹ሲመጣ እነግረዋለሁ› ትለኝ ነበር። ስትመጣ ደግሞ ‹ደክሞታል፣ ይተኛ› ትለኛለች። አሁን አትተኛ እንግዲህ!»

ብለው ገቡ። በራቸው ተዘጋ።

መሰላሉን ከጓዳው ጀርባ አውጥቶ አቆመ። ወጥቶ አሸንዳውን ፈተሸ፤ ስንጥቁ ትንሽ ነው፤ እጁ የለመደው ሥራ ነው። ጠገነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ለመውረድ አልቸኮለም። ከዚያ ላይ ሆኖ ሦስቱም ግቢ ይታያል። ነርሷ ያጠበችውን ልብስ ታሰጣለች። ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ወጥቶ ፎጣውን ያራግፋል፤ የተራገፈው ፀጉር በነፋሱ ይበተናል። እማማ አልታዩም፤ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። ቀና ብሎ ያየው ማንም የለም። እሱም አልተጣራም፤ ምን ብሎ እንደሚጣራ ገና አላወቀበትም። መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ነርሷ የመጨረሻውን ልብስ ሰቅላ እስክትገባ ድረስ እዚያው ቆየ።